ጀንበር ስትጠልቅ የተፈጸመ መሐላ

ባለፈው ሰሞን፣ ማታ ከእራት በኋላ፣ የተለመደችው ሻይ ቤታችን ውስጥ ክርክር ተነስቶ ነበር። አንዱ ጓደኛችን፣ «ምርጫ ማለት እኮ ለእኛ ለአፍሪካውያን ደም ለማፍሰስ የሚያዝ ቀጠሮ ነው፤ ቢቀርብንስ ምን ይጎድልብናል?» አለ። ሌላው ደግሞ፣ «ነገሩ ምርጫ አይደለም፣ ጎሣ ነው፤ ጎሠኝነት ባለበት አገር ምርጫ ብታደርግ ባታደርግ ያው ነው» ብሎ መለሰለት። የሚገርመው ሁለቱም ለማስረጃ የጠሩት አንድ አገር፣ ጎረቤታችንን ኬንያን መሆኑ ነው። እኔ ያን ዕለት ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት የምለው አጥቼ ሳይሆን ነገሩ በአንድ ብርጭቆ ሻይ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ነው። ይህች ጽሑፍ የዚያ ምሽት ዕዳ ናት። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት «በእኛ አቆጣጠር» ካልተባለ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዲሴምበር 27 ቀን 2007 የተደረገው የኬንያ ምርጫ ሲጀመር የሚያስፈራ አልነበረም። ሕዝቡ ገና በማለዳ ተሰልፎ፣ ፀሐይና አቧራ ችሎ፣ ድምፁን ሰጥቶ ወደየቤቱ ገባ። ተፎካካሪዎቹ በሥልጣን ላይ የነበሩት ፕሬዚዳንት ሙዋይ ኪባኪና የብርቱካን ንቅናቄ መሪ ራይላ ኦዲንጋ ነበሩ። («ብርቱካን» መባሉ ቀልድ አይደለም። በ2005 በተደረገው የሕገ መንግሥት ሪፈረንደም ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ሲባል «እሺ» ለሚል የሙዝ፣ «እምቢ» ለሚል የብርቱካን ሥዕል ተሰጥቶ ነበር። ብርቱካን አሸነፈ፤ ካሸነፈ ወዲያ ፓርቲ ሆነ።) በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በተነገረው ውጤት ኦዲንጋ በሰፊው ይመሩ ነበር። ከዚያ ልዩነቱ እየጠበበ ሄደ። ከአንዳንድ ወረዳዎች ውጤት አልመጣ አለ። የምርጫ ኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ሳሙኤል ኪቩይቱ የገዛ ሠራተኞቻቸው ስልካቸውን ዘግተው የት እንደገቡ እንዳላወቁ በአደባባይ ተናገሩ። ዲሴምበር 30 ቀን፣ ናይሮቢ በሚገኘው በኬንያታ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ጭቅጭቁ ሲጋጋል፣ ልዩ ፖሊስ ገብቶ ጋዜጠኛውንም የፓርቲ ወኪሉንም አስወጣ። ኪቩይቱ የመጨረሻውን ውጤት ያነበቡት ለመንግሥት ቴሌቪዥን ብቻ ነበር፤ ኪባኪ 4,584,721፣ ኦዲንጋ 4,352,993። ብዙም ሳይቆይ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ፣ ሹማምንት ብቻ በተሰበሰቡበት፣ ኪባኪ መሐላ ፈጸሙ። ልብ በሉ፣ እኚሁ ሰው በ2002 ሲምሉ ኡሁሩ መናፈሻ ሕዝብ መያዝ አቅቶት ነበር። የዚያን ጊዜ በመኪና አደጋ ተሰብረው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበሩ፤ ሕዝቡም በዘፈንና በእልልታ ነበር የተቀበላቸው። አምስት ዓመት እንዲህ ያደርጋል።

ያኑ ዕለት መንግሥት የቀጥታ ሥርጭት አገደ። ያኑ ማታ ኪሱሙ ነደደች፤ ናይሮቢ ውስጥ ኪቤራና ማታሬ የተባሉት የድሆች ሰፈሮች ነደዱ፤ ሞምባሳም አልቀረች። ጃንዋሪ 1 ቀን 2008፣ ኤልዶሬት አጠገብ ኪያምባ በምትባል መንደር፣ ሸሽተው ቤተ ክርስቲያን የተጠለሉ ሰዎች፣ የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት፣ ከነቤተ ክርስቲያኑ ተቃጠሉ። በወሩ መጨረሻ ደግሞ ብቀላው ወደ ናኩሩና ናይቫሻ ዞረ፤ ናይቫሻ ውስጥ ሰዎች ቤት ተዘግቶባቸው ነደዱ። በኋላ ነገሩን የመረመረው፣ በዳኛ ፊሊፕ ዋኪ የተመራው ኮሚሽን የቆጠረው ሙት 1,133 ነው። ከመኖሪያው የተፈናቀለው ሕዝብ ከስድስት መቶ ሺህ ያላነሰ ነው ተብሏል። አንዲት ቁጥር ግን ብዙ ሰው አያስታውሳትም፤ ከሞቱት መካከል 405ቱ የሞቱት በጥይት ነው። ጥይት ከጎረቤት ቤት አይመጣም። ሁሉንም ነገር በገጀራና በቀስት የሚተርክ ሰው የፖሊስን ድርሻ ረስቷል፣ ወይም መርሳት ፈልጓል።

እንግዲህ ወደ ክርክራችን እንመለስ። «ጎሣ ነው» ላለው ወዳጄ መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቀው። ያው ኪኩዩ፣ ያው ካለንጂን፣ ያው ሉኦ፣ ያችው የስምጥ ሸለቆ ክፍለ ሀገር በ2002ም ነበሩ። ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመት የገዙት ዳንኤል አራፕ ሞይ ሥልጣን ለቀቁ፤ ሊተኳቸው ያዘጋጇቸው ኡሁሩ ኬንያታ ተሸነፉ፤ መሸነፋቸውንም አምነው ተቀበሉ። ከተማም አልነደደም። ጎሣ በ2002 የት ሄዶ ነበር? ተኝቶ ነበር እንዳይለኝ። ዋናዎቹ ሁለት ተወዳዳሪዎች ሁለቱም ኪኩዩ ስለነበሩ ነገሩን በጎሣ መከፋፈል አልተመቸም፤ ከዚያም በላይ ኪባኪ ያሸነፉት ከመቶ ስድሳውን አልፈው ነበርና ለክርክር የሚተርፍ ነገር አልነበረም። ጎሠኝነት የለም ማለቴ አይደለም። አለ። ነገር ግን ደረቅ እንጨት ስላለ ብቻ ቤት አይቃጠልም።

ደረቁን እንጨት ማን ከመረው? የመሬት ጥያቄ ነው። (በ1957 በእኛ አቆጣጠር «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ተማሪ የኬንያን ታሪክ ቢያነብ የሚያውቀው ነገር ያገኝ ነበር።) የእንግሊዝ ቅኝ ገዢ ለም የሆነውን ደጋ «የነጮች ደጋ» ብሎ ከልሎ፣ ማሳዩንና ካለንጂኑን ከግጦሹ፣ ኪኩዩውን ከማሳው አፈናቀለ። መሬት ያጣው ኪኩዩ በብዙ ሺህ ሆኖ ወደ ስምጥ ሸለቆ እየሄደ የነጭ ሰፋሪ ጭሰኛ ሆነ። በ1963 ነፃነት ሲመጣ መሬቱ ለቀድሞ ባለቤቶቹ አልተመለሰም፤ ተሸጠ። ገዢውም መንግሥት ከእንግሊዝ በተበደረው ገንዘብ፣ በጆሞ ኬንያታ ዘመንም በማኅበርና በኩባንያ የተደራጀው ሕዝብ ነበር። ከዚህ ውስጥ ዋነኛው ኪኩዩ ሆነ። የተቃጠለችው ኪያምባ ራሷ ስሟ የመጣው ሰፋሪዎቹ ከተነሱበት፣ ናይሮቢ አጠገብ ካለ አገር ነው። እንግዲህ ካለንጂኑ «የአባቶቼ መሬት ነው» ይላል፤ ኪኩዩው «በላቤ የገዛሁት ነው፣ ወረቀቱም እነሆ» ይላል። መቼስ የሚያሳዝነው ሁለቱም እውነታቸውን መሆኑ ነው።

ይሁንና እነኚህ ጎረቤታሞች ከ1963 እስከ 1991 አብረው አረሱ፣ አብረው ገበያ ወጡ፣ ተጋቡም። ከባዱ ግጭት የፈነዳው በ1991 መጨረሻ፣ ሞይ በውጭም በውስጥም ተገደው ብዙ ፓርቲ ሊፈቅዱ በተቃረቡበት ሰሞን ነው። ይህ ድንገት የተገጣጠመ ነገር ነው የሚል ካለ የሚከተለውን ያስላ። በ1992 የወጣው ደንብ ፕሬዚዳንት የሚሆነው ሰው ከስምንቱ ክፍላተ ሀገር ቢያንስ በአምስቱ ሩብ ድምፅ እንዲያገኝ ያዝዛል። ሰፋሪውን ከስምጥ ሸለቆ ያስወጣ ሰው የተቃዋሚውን መራጭ አስወጣ ማለት ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ የመራጭ ካርዱም አብሮ ተቃጥሎበታል፤ ካርዱ ቢተርፍ እንኳ የተመዘገበበት ጣቢያ ሄዶ መምረጥ አይችልም። ከ1991 እስከ 1993 ባለው ጊዜ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ። በ1997 ዙሩ ወደ ጠረፍ ሄዶ ሞምባሳ ውስጥ ሊኮኒ በተባለው ሰፈር የፖሊስ ጣቢያ ተወረረ፣ ከዳር አገር የመጣ ሠራተኛ ተለይቶ ተባረረ። ፓርላማውም፣ በኋላም በዳኛ አኪዉሚ የተመራው ኮሚሽን መርምረው ከነገሩ ኋላ ፖለቲከኞች እንዳሉበት ጻፉ። አንድም ትልቅ ሰው አልተቀጣም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነበር፤ ቅጠሉ ግን መዝገብ ቤት ገብቶ ደረቀ።

አሁን እኔን በጣም ወደሚያስገርመኝ ነገር ልምጣ። ብዙ ጊዜ ስለ ምርጫ ረብሻ ስናወራ ስለ ጎዳናው እናወራለን። እኔ ግን ወደ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ እንድንሄድ እፈልጋለሁ።

በ1988 ኬንያ ውስጥ የገዢው ፓርቲ እጩዎች የተመረጡት ሕዝቡ ከሚደግፈው ሰው ፎቶግራፍ ኋላ በግልጽ ተሰልፎ ነው። በስዋሂሊ «ምሎሎንጎ» ይሉታል፣ ሰልፍ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ምርጫ ለማጭበርበር አይመችም ትሉ ይሆናል፤ ሰልፉ ይታያላ! ነገር ግን ሰው ሁሉ በዓይኑ ያየው ረዥሙ ሰልፍ በወረቀት ላይ አጭር ሆኖ የወጣባቸው ቦታዎች ነበሩ። ሕዝቡ ያየውንና የሰማውን ማስታረቅ አቃተው። በዚያ ምርጫ ከተናደዱት ሹማምንት አንዱ ሚኒስትሩ ኬኔት ማቲባ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ከሚኒስትርነታቸው ለቀቁ፤ በ1990 የብዙ ፓርቲ ሥርዓት ይፈቀድ ብለው በመነሳታቸው ታሰሩ። እስር ላይ ሳሉ አእምሯቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፤ እጃቸው መጻፍ ተሳነው። ቢሆንም በ1992 ተወዳድረው ሁለተኛ ወጡ። ሞይ ያሸነፉት ከመራጩ ሲሦ እምብዛም በማይበልጥ ድምፅ ስለነበር ማቲባ ከሰሱ። ክሱንም በውክልና የፈረሙት ባለቤታቸው ናቸው። ፍርድ ቤቱ ምን አለ? «ከሳሽ በገዛ እጁ አልፈረመም» ብሎ መዝገቡን ዘጋው። እጁን በእስር ቤት ያጣ ሰው በእጅህ አልፈረምክም ተባለ።

ቀጥሎ 1997 መጣ። አሁንም ሞይ አሸነፉ፤ አሁን ከሳሹ ሁለተኛ የወጡት ሙዋይ ኪባኪ ናቸው። አዎ፣ እኚያው የ2007ቱ ኪባኪ። ፊርማቸውን በእጃቸው አኖሩ፣ ከማቲባ ተምረዋልና። ፍርድ ቤቱ ግን ሌላ ምክንያት አላጣም፤ «የክሱ ወረቀት ለተከሳሹ በአካል፣ እጅ በእጅ አልተሰጠም» ተባለ። ተከሳሹ ፕሬዚዳንቱ ናቸው እኮ! በየበሩ ዘበኛ፣ በየመንገዱ አጃቢ ያላቸውን ሰው ማን ቀርቦ ወረቀት ያስጨብጣል? ይግባኙም አልረዳቸውም፤ መዝገቡ ተዘጋ።

እንግዲህ በ2008 መጀመሪያ ኦዲንጋን የመንግሥት ሰዎች «ቅሬታ ካለህ ፍርድ ቤት ሂድ» ሲሏቸው፣ ኦዲንጋም «አልሄድም» ሲሉ፣ ውጭ ሆኖ ለሚሰማ ኦዲንጋ ሕገ ወጥ ይመስላሉ። የፍርድ ቤቱን ደጃፍ ታሪክ ለሚያውቅ ኬንያዊ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ሂድ» የሚሉት ወገኖች መሪ ራሳቸው ከዚያ በር ተመልሰዋል። ለዚያውም በ1997 የፓርላማ ፓርቲዎች የምርጫ ኮሚሽነሮችን በምክክር እንሹም ብለው የተስማሙትን ኪባኪ በ2007 ትተው አብዛኞቹን ኮሚሽነሮች ብቻቸውን ሾመዋል። ዳኛው የማን፣ ቆጣሪው የማን? የዳኛ በር የተዘጋበት ሕዝብ የቀረው በር አንድ ነው፣ እርሱም ጎዳናው ነው። ጎዳናው ላይ ደግሞ የሠላሳ ዓመት ደረቅ እንጨት ተከምሮ ይጠብቃል።

የወረቀቱስ ነገር? ደቡብ አፍሪካዊው ዳኛ ዮሐን ክሪግለር የመሩት ኮሚሽን ቆጠራውን ሲመረምር ያገኘው ጉድ ብዙ ነው። በመራጮች መዝገብ ላይ ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚጠጉ የሞቱ ሰዎች ስም ነበር። በኪባኪም በኦዲንጋም ምሽግ የመራጩ ቁጥር ለማመን በሚያስቸግር ደረጃ ከፍ ያለባቸው ጣቢያዎች ተገኝተዋል፤ ታዛቢ በሌለበት ኮሮጆ የሞላው አንድ ወገን ብቻ አልነበረም። የክሪግለር መደምደሚያ «ኦዲንጋ ተሰረቀ» ወይም «ኪባኪ አሸነፈ» አይልም። ቆጠራውና ዝውውሩ እጅግ ስለተበላሸ ማን እንዳሸነፈ ማወቅ አይቻልም ይላል። እኔ በበኩሌ ከዚህ የከፋ ፍርድ አላውቅም። ሌባ ቢታወቅ ይከሰሳል፤ የማይታወቅ እውነት ግን ማንንም አያስታርቅም፣ እያንዳንዱ የራሱን እውነት ይዞ ይቀራልና። ኪቩይቱ ራሳቸው ውጤቱን ባነበቡ በሦስተኛው ቀን ግድም ኪባኪ በእርግጥ ማሸነፋቸውን እንደማያውቁ ለጋዜጠኞች ተናግረዋል።

በኮፊ አናን ሽምግልና ፌብርዋሪ 28 ቀን 2008 ኪባኪ ፕሬዚዳንት፣ ኦዲንጋ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሥልጣን ሊጋሩ ፈረሙ። ይህ እሳቱን አጠፋ። ከዚያ ይልቅ ለኔ የሚጥመኝ በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ነው፤ አንቀጹን የሚያነብ ሰው ከእያንዳንዱ መስመር ኋላ አንድ የቆሰለ ታሪክ ያገኛል። በፕሬዚዳንት ምርጫ ላይ ቅሬታ ያለው በ7 ቀን ውስጥ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ያቀርባል፤ ፍርድ ቤቱም በ14 ቀን ውስጥ ይወስናል። ክሱን በጋዜጣ አሳውጆ ማድረስ ተፈቀደ፤ ይኸ የኪባኪ ክስ ነው። የተመረጠው ፕሬዚዳንት የሚምለው በሕዝብ ፊት፣ በአደባባይ ይሁን ተባለ፤ ይኸ የዚያች ምሽት መሐላ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ በግቢ ውስጥ መማል ቀረ።

ግን ራሳችንን አናታልል። በ2013 ስምጥ ሸለቆ ሳይነድ የቀረው በሕጉ ብቻ አይደለም። በ2010 መጨረሻ የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ በ2008ቱ ግድያ ከጠረጠራቸው ስድስት ሰዎች መካከል ኡሁሩ ኬንያታና ዊልያም ሩቶ ይገኙበታል፤ አንዱ ከኪኩዩ፣ ሌላው ከካለንጂን ወገን። እነኚህ ሁለት ባላንጣዎች በአንድ ትኬት ተወዳደሩ፣ አሸነፉም። መሪዎቹ ሲታረቁ ተከታዮቹ መገዳደላቸውን አቆሙ። ይህ የሚያሳየው ምንድነው? ግድያው ከላይ የሚታዘዝ እንደነበረ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል። ክሱ ግን የኬንያታው በ2014፣ የሩቶው በ2016 ተቋረጠ፤ ምስክር እየጠፋ፣ እየካደ፣ እየፈራ። የኪያምባ ሙታን እስካሁን ገዳያቸው አልተነገራቸውም።

በ2017 ደግሞ ሌላ መልክ መጣ። ምርጫው ቀናት ሲቀሩት የኮሚሽኑ የቴክኖሎጂ ኃላፊ ተገድሎ ተገኘ። ኬንያታ አሸነፉ ተባለ፤ ኪሱሙና ናይሮቢ ውስጥ ፖሊስ ቤት ለቤት ገብቶ ደበደበ፣ ተኮሰ፤ ኪሱሙ ውስጥ ከሞቱት አንዷ የስድስት ወር ሕፃን ነበረች። ኦዲንጋ ግን በዚህ ጊዜ ፍርድ ቤት ሄዱ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2017 ዋና ዳኛ ዴቪድ ማራጋ የመሩት ችሎት ምርጫውን ሰረዘው። በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት አሸነፈበት የተባለ ምርጫ በዳኛ ሲሰረዝ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። የተሰረዘበት ዋና ምክንያት ማን ብዙ ድምፅ አገኘ የሚለው አይደለም፤ ውጤቱ ከጣቢያ ወደ ማዕከል የተላለፈበት መንገድ ሕጉን አልተከተለም የሚል ነው። የወረቀቱ ጉዞ ማለት ነው።

ስለዚህ በኦገስት 2022 ኮሚሽኑ ከ46 ሺህ በላይ ከሆኑት ጣቢያዎች እያንዳንዱ የሞላውን፣ ወኪሎች የፈረሙበትን ቅጽ ፎቶግራፉን አንስቶ ለሕዝብ ሁሉ በኢንተርኔት ዘረጋው። ጋዜጠኛውም፣ ተማሪውም፣ ሥራ ፈቱም ደማሪ ሆነ። ሩቶ 50.49፣ ኦዲንጋ 48.85 ከመቶ፤ ልዩነቱ በጣም ጠባብ ነበር። ውጤቱ ሲነገር አዳራሹ ውስጥ ወንበር ተወራወረ፤ ከሰባቱ ኮሚሽነሮች አራቱ አናውቀውም ብለው ወጡ፤ አንድ የምርጫ ሹምም ተገድሎ ተገኝቷል። ያ ምሽት ከ2007 የከፋ ለመሆን ምን ጎደለው? ኪሱሙና ኪቤራ ጎማ ነደደ። ግን በማግሥቱ ሰው ሥራው ገባ፤ ኦዲንጋ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ተረቱ፣ ፍርዱን ባይወዱትም እንደሚያከብሩ ተናገሩ። ቅጹን ሁሉም አይቶታልና «ማን ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ ጉልበት አጣ።

ስለ እኛስ? በግንቦት 7 ቀን 1997 በእኛ አቆጣጠር ሕዝቡ እስከ ሌሊት ተሰልፎ መረጠ፤ በዚያው ማታ ለአንድ ወር ሰላማዊ ሰልፍ ተከለከለ። ውጤት ይነገርበታል የተባለው ቀጠሮ ሰኔ 1 ቀን ነበር፤ ቀጠሮው ተላለፈ፤ በዚያችው ሰኔ 1 አዲስ አበባ ውስጥ ጥይት ተተኮሰ። በጥቅምት 1998 ደግሞ ተደገመ። ነገሩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን መሪዎች ከአገር ወጥተው ይፋ ባደረጉት መሠረት የተገደለው ሲቪል ሕዝብ 193 ነው። ከሞቱት ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ከእኛ ያነሰ ነበር። ሻይ ቤት ውስጥ «ቢቀርብንስ» ያለው ወዳጃችን ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም። ምናልባት በጣም ስለሚያውቀው ነው። እኔ የምለው፣ ሕዝቡን ያስቆጣው መምረጡ ሳይሆን ከመረጠ በኋላ የሆነው፣ የዘገየው ቆጠራና የተዘጋው አደባባይ ነው።

ሳሙኤል ኪቩይቱ በፌብርዋሪ 2013፣ በአዲሱ ሕገ መንግሥት የሚደረገው የመጀመሪያው ምርጫ ቀናት ሲቀሩት አረፉ። በ2007 ማን እንዳሸነፈ ብዙ ሰው ሲጠይቃቸው ኖሯል። መልሱን ደብቀው የሄዱ የሚመስለው ሰው አለ። እኔ ግን የክሪግለርን መደምደሚያ ካነበብኩ ወዲህ፣ ያ ወረቀት መጀመሪያውኑ እጃቸው የገባ አይመስለኝም።